ሰፊ ትከሻ ላላት ሴት የሚያምር ልብስ እንዴት ይመረጣል?

ሸሚዙ ወገብሽ ላይ ልክ ነው። ደረትሽ ላይም አያስቸግርም። እጅሽን ወደ ፊት ስትዘረጊ ግን ጀርባው ይወጠራል፣ ብብትሽን ይይዝሻል፣ እጅጌው ወደ ላይ ይሰበሰባል። አንድ ቁጥር ከፍ ያለውን ስትሞክሪ ደግሞ ትከሻው ልክ ይመጣና ወገቡ ጆንያ ይሆናል። ትከሻቸው ሰፋ ያሉ ሴቶች ይህን በደንብ ያውቁታል። ብዙዎቹም ጥፋቱ የሰውነታቸው ይመስላቸዋል። አይደለም። የፋብሪካ ልብስ የሚቆረጠው በአማካይ ልኬት ነው። ያንቺ ትከሻ ከአማካዩ ትንሽ ካለፈ ልብሱ አይገጥምም፣ በቃ።

ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የሚያጠነጥነው በአንድ ነገር ላይ ነው፦ ልብስ ስትገዢ ለትከሻሽ ግዢ፣ ወገቡን ለልብስ ሰፊው ተይለት። ወገብ ማስጠበብ ቀላል ሥራ ነው። በጎንና በጎን ያለውን ስፌት ትንሽ ወደ ውስጥ ማስገባት ነው። ትከሻ ማስፋት ግን ሌላ ጣጣ ነው። እጅጌው ይነቀላል፣ ብብቱ እንደገና ይቆረጣል፣ ያም ሆኖ የሚጨመር ጨርቅ ከሌለ ከየት ይመጣል? ስለዚህ ትከሻው የጠበበ ልብስ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ተይው።

መጀመሪያ ተለኪ

ልብስ ሰፊዎች የሚጠቀሙበትን ለስላሳ ሜትር ግዢና ቦርሳሽ ውስጥ ይኑር። ትከሻን ብቻሽን መለካት አይመችም፤ እህትሽን ወይም ጓደኛሽን ጥሪ። በጣትሽ ከአንገትሽ ጀምረሽ ወደ ውጭ ስትሄጂ፣ ትከሻሽ ወደ ክንድ ሊወርድ ሲል ጎላ ያለ አጥንት ታገኛለሽ። ሜትሩ ከአንዱ አጥንት ተነስቶ በጀርባ በኩል፣ ከአንገት ሥር አልፎ፣ እስከ ሌላው አጥንት ይለካ። ቀጥ ብለሽ ቁሚ፣ ግን ትከሻሽን እንደ ወታደር አትንፊው።

ሌሎች ሦስት ልኬቶችም ጻፊ፦ ጀርባሽ ከብብት እስከ ብብት፣ የላይኛው ክንድሽ ዙሪያ፣ የዳሌሽ ዙሪያ። ሁሉንም ስልክሽ ላይ አስቀምጪው። ከዚያ ቤት ካለሽ ልብስ መካከል ትከሻው በጣም የሚመችሽን አውጥተሽ አልጋ ላይ ዘርጊና ከአንዱ የእጅጌ ስፌት እስከ ሌላው ለኪ። ገበያ ላይ ከሁሉም በላይ የሚጠቅምሽ ይህ ቁጥር ነው፤ የሰውነትሽ ሳይሆን የሚመችሽ ልብስ ልክ ስለሆነ። ያ 42 ሴንቲ ሜትር ከሆነና ሱቅ ውስጥ ያየሽው ሸሚዝ 38 ከሆነ፣ መሞከርም አያስፈልግሽም። ወደ ቀጣዩ እለፊ።

ስትለኪ አንድ ነገር ልብ በይ፦ «ሰፊ ትከሻ» የሚባለው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። የአንዷ አጥንቷ ራሱ ሰፊ ነው። የሌላዋ ትከሻ ሰፊ ሳይሆን ቀጥ ያለ ነው፤ ከአንገቷ ወደ ክንዷ ቁልቁል አይወርድም፣ ስለዚህ ከፊት ሲያዩት ሰፊ ይመስላል። ሦስተኛዋ ደግሞ ትከሻዋ መካከለኛ ሆኖ ዳሌዋ ቀጭን ስለሆነ ነው ላይዋ የሚጎላው። ዋና የምትዋኝ ወይም ጂም የምታዘወትር ሴት ደግሞ የጀርባና የክንድ ጡንቻ ይኖራታል። ይህን ማወቅ ይጠቅማል። አጥንቷ ሰፊ ለሆነችው ቁም ነገሩ የልብሱ ልክ ነው። ዳሌዋ ቀጭን ለሆነችው ግን ላይኛውን ከመደበቅ ይልቅ ታችኛውን መሙላት ይሻላል። ጡንቻ ላላት የትከሻው ስፌት ልክ ሆኖም ክንዱ ሊጠብ ይችላል፤ እሷ የእጅጌውን ስፋት ትይ።

የልብስ ቁጥርን አትመኚ። በአውሮፓ 38 የሚባለው በእንግሊዝ 10፣ በአሜሪካ ደግሞ ብዙ ጊዜ 6 ነው፤ ከቻይና የሚመጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ ጠበብ ይላል። አንድ ቡቲክ ውስጥ ሁሉንም ጎን ለጎን ተሰቅለው ታገኛቸዋለሽ። ኤክስ ኤል መልበስም ነውር አይደለም፤ ቁጥሩን የሚያየው ኮሌታው ሥር ያለው ጨርቅ ብቻ ነው።

መሞከሪያ ክፍል ውስጥ

መስታወት ፊት ቀጥ ብሎ መቆም ምንም አይነግርሽም። ተንቀሳቀሺ። በመጀመሪያ የትከሻውን ስፌት እይ፤ አጥንቱ ላይ መቀመጥ አለበት። ወደ አንገት ከገባ ጠቧል፣ ወደ ክንድ ከወረደ ሰፍቷል። ከዚያ ሁለት እጅሽን ወደ ፊት አምጥተሽ ራስሽን እቀፊ፤ ጀርባው ከተወጠረና ልብሱ የሚቀደድ ከመሰለሽ ይቅር። አንድ እጅሽን ሚኒባስ ለማስቆም እንደምታነሺው ወደ ላይ አንሺ፤ ሸሚዙ ሙሉ በሙሉ ከወገብሽ ከወጣ ብብቱ በጣም ዝቅ ብሎ ተቆርጧል ማለት ነው።

የመጨረሻው ፈተና የኛው ነው፦ እስክስታ። እየቀለድኩ አይደለም። ትከሻን ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚያስኬድ እንደ እስክስታ ያለ ምን አለ? ሁለት ሦስቴ ምቺው። ስፌቱ ዝም ካለ ልብሱ ልክሽ ነው። በተለይ ለሠርግና ለበዓል የምትገዢው ልብስ ይህን ፈተና ሳያልፍ ገንዘብሽን አታውጪ። ባለሱቋ ብትስቅ ትሳቅ።

አንገት ዋናው ነገር ነው

ልኩ ከተስተካከለ በኋላ ስለ ማማር እናውራ። አግድም የሚሄድ መስመር ያሰፋል፣ ቁልቁል የሚወርድ ያረዝማል። ሌላው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው።

ስለዚህ በቪ ቅርጽ ወደ ደረት የሚወርድ አንገት ከሁሉም ይመረጣል። ዓይንን ከትከሻው ጫፍ ወደ መሐል ይሰበስበዋል። ወረድ ያለ ክብ አንገትም ደህና ነው። ሸሚዝ ከሆነ ከላይ ሁለት ቁልፍ ክፈቺ፤ ያው ቪ ሆነ ማለት ነው። የሚከብድሽ ከትከሻ እስከ ትከሻ ቀጥ ብሎ የሚሄደው አንገት ነው፤ መስመሩ ትከሻሽን ከዳር እስከ ዳር ያሰምርበታል። አንገት ላይ የተጠጋ ዝግ ቲሸርትም ደረትና ትከሻሽን አንድ ሰፊ ሜዳ ያደርገዋል። የግድ ከሆነ ረዘም ያለ ሐብል ወይም የተከፈተ ጃኬት ደርቢበት።

ማንጠልጠያ ያለው ልብስ ስትገዢ ማንጠልጠያው ሁለት ሦስት ጣት ያህል ስፋት ይኑረውና ወደ አንገትሽ ቀረብ ይበል። ክር የመሰለ ቀጭን ማንጠልጠያ በሰፊ ትከሻ ላይ ጠፍቶ ይቀራል፤ ትከሻውን የበለጠ ያሰፋዋል። ከአንገት በስተኋላ የሚታሰረው ዓይነት ለሰፊ ትከሻ ያምራል የሚሉ አሉ፤ እኔ አይመስለኝም። ሁለቱንም የትከሻ አጥንት ገላልጦ ያስቀምጣቸዋል።

እዚህ ላይ ግን ልቁም። ይህ ሁሉ ትከሻሽ ሳይጎላ እንዲታይ ከፈለግሽ ነው። እንዲጎላ ከፈለግሽ የጻፍኩትን ገልብጠሽ ተጠቀሚበት፤ ትከሻ የሚያሳይ ቀሚስ በሰፊ ትከሻ ላይ እንደሚያምረው በጠባቡ ላይ አያምርም። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሆሊውድ ውስጥ የፊልም ተዋናይቷ የጆአን ክራውፎርድ ትከሻ ሰፊ ነበር። የልብስ ንድፍ ባለሙያው አድሪያን ትከሻዋን ከመደበቅ ይልቅ ስፖንጅ ጨምሮ የበለጠ አሰፋው። የአገሩ ሴት ሁሉ ያንን ተከትላ ትከሻዋን በስፖንጅ ማስፋት ጀመረች። እናንተ ሳትገዙ ያላችሁት ነው።

እጅጌ

ለሰፊ ትከሻ የማይሆነው እጅጌ በግልጽ ይታወቃል፦ ትከሻው ላይ የተነፋው፣ የተሸበሸበው፣ ወይም ትከሻ ላይ ብቻ ቁጭ ብሎ የሚያልቀው አጭር እጅጌ። ሁሉም ትከሻሽ ሰፊ በሆነበት ቦታ ላይ ሌላ ስፋት ይጨምራሉ። ወታደር ቤት የሚመስለው፣ ትከሻ ላይ ቁልፍ ያለው ማንጠልጠያም እንደዚሁ ነው። እሱን ግን ልብስ ሰፊ በአምስት ደቂቃ ይፈታልሻል።

የሚያምርብሽ ራግላን የሚባለው ነው። ስፌቱ ትከሻ ላይ አይቆምም፤ ከአንገት ተነስቶ በሰያፍ ወደ ብብት ይወርዳል። ትከሻሽ የት እንደሚያልቅ የሚናገር መስመር የለውም። ከዚያም በላይ ይመቻል፤ ትከሻው ላይ ስፌት ስለሌለ የሚይዝሽ ነገር የለም። ስፖርት ልብስና ሹራብ ላይ በብዛት ታገኚዋለሽ። ከክርን በታች የሚያልቅ እጅጌም ጥሩ ነው፤ ዓይንን ወደ ወገብ አካባቢ ይወስደዋል።

ታችኛውን ሙሊው

ይህ ቀላሉ ክፍል ነው። ከወገብ ጀምሮ እየሰፋ የሚሄድ ጉርድ፣ ሽንሽን፣ ዳሌ ላይ ኪስ ያለው ሱሪ፣ ከጉልበት በታች ወይም ሙሉ በሙሉ ሰፋ የሚል ሱሪ። ላይሽ ቀለል ያለ፣ ታችሽ ሞላ ያለ ይሁን። ታይት ከለበስሽ ከላይ ዳሌሽን የሚያልፍ ረጅም ነገር ጣይበት፤ አለበለዚያ ላይኛው ብቻ ይጎላል።

ቀለምም ያግዛል። ከላይ ጠቆር ያለ፣ ከታች ነጣ ያለ ወይም አበባ ያለበት። በክረምት አዲስ አበባ ጭቃ ውስጥ ነጭ ሱሪ ልበሺ ብል ግን ትስቂብኛለሽ። ለሐምሌና ነሐሴ ቡናማ ወይም ጥለት ያለው ጨርቅ ፈልጊ፤ ነጩን ለመስከረም አስቀምጪው። ባለ መስመር ልብስ ከሆነ አግድሙ ከታች፣ ቁልቁሉ ከላይ።

ጨርቁም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ደርቆ የሚቆም ጨርቅ ከላይ ትከሻሽን ሣጥን ያደርገዋል። ወደ ታች የሚፈስ ነገር፣ ቪስኮስ ወይም ክሬፕ፣ ይሻላል። ትንሽ የሚለጠጥ ክር የተቀላቀለበት ጥጥ ደግሞ ጀርባሽ ላይ ይለቅልሻል።

ኮትና ጃኬት

ቢሮ የምትሠሪ ከሆነ ትልቁ ራስ ምታትሽ ይህ ነው። ኮት ውስጥ ስፖንጅ አለ። ቀጥ ያለ ትከሻ ላላት ሴት ያ ስፖንጅ ትርፍ ነው። አውጪው። ገበሩ ብብት አካባቢ ወይም ታች ጠርዙ ላይ ትንሽ ይፈታል፣ ስፖንጁን የያዙት ጥቂት ክሮች ይቆረጣሉ፣ ገበሩ ተመልሶ ይሰፋል። ከወጣ በኋላ ትከሻው ላይ ጨርቅ ከተረፈ ልብስ ሰፊው ስፌቱን ትንሽ ዝቅ ያድርገው። ጨርቁ ቀጭን ከሆነና ስፖንጁ ወጥቶ ከተልፈሰፈሰ በቀጭን ስፖንጅ መተካት ይቻላል። ኮቱን ከመግዛትሽ በፊት ስፖንጁን በጣትሽ ጨምቀሽ እይ፤ ከጨርቁ ጋር የተጣበቀ ከሆነ ለመንቀል ያስቸግራል።

ወገብ ላይ አንድ ቁልፍ ያለውና ኮሌታው ረጅም የሆነ ኮት ምረጪ፤ ኮሌታው ራሱ ቪ ይሠራልሻል። ርዝመቱ ዳሌሽ ላይ ይድረስ። ሁለት ረድፍ ቁልፍ ያለውንና ደረት ላይ ኪስ የበዛበትን ለሌላ ተይው።

ቦንዳ ሲፈታ የምትሄጂ ከሆነ ከሴቶቹ ክምር በፊት ወደ ወንዶቹ ሸሚዝ ጎራ በይ። የወንድ ሸሚዝ ሲቆረጥ ጀምሮ ለሰፊ ትከሻ ነው። ጥሩ ሊነን ወይም ጥጥ ካገኘሽ ወገቡን አስጠብቢ፣ እጅጌውን አሳጥሪ፣ አለቀ። ቁልፉ በተቃራኒ በኩል መሆኑን ማንም ልብ አይልም።

የሀበሻ ቀሚስ

እዚህ ላይ እድለኞች ነን። የቆየው የሀበሻ ቀሚስ አቆራረጥ ለሰፊ ትከሻ የተፈለሰፈ ነው የሚመስለው። ጥልፉ ከአንገት ተነስቶ በደረት መሐል ቁልቁል ይወርዳል፣ ታችኛው ጠርዝ ላይ ደግሞ ሰፊ ጥለት አለ። ቁልቁል መስመር ከላይ፣ ሰፋ ያለ ነገር ከታች። እስካሁን ስለፈልፍ የቆየሁት እኮ ይህንኑ ነው።

ችግሩ የመጣው ከአዳዲሶቹ ዲዛይኖች ጋር ነው። ጥለቱ ትከሻ ላይ አግድም ይደረጋል፣ አጭር ካባ ይጨመርበታል፣ እጅጌው ይነፋል። ሽሮ ሜዳ ስትሄጂ የተሰቀለውን አይተሽ ብቻ አትግዢ። ብዙዎቹ ሱቆች ልክ ወስደው ያሰፋሉ። ስታዝዢ እንዲህ በይ፦ ጥለቱ ከመሐል ቁልቁል ይውረድ፤ ትከሻው ባዶ ይሁን፤ የእጅጌው ጥለት እጅ አንጓ ላይ ይሁን፤ አንገቱ በቪ ይከፈት። ሸማው በእጅ የተሸመነ ስለሆነ የሚለጠጥ ክር እንደገባበት የፋብሪካ ጨርቅ አይለጠጥም። ስለዚህ ብብቱና የጀርባው ስፋት ላይ ትንሽ ለቀቅ እንዲሉልሽ አስረግጠሽ ንገሪያቸው። በበዓል ቀን እጅሽን አንስተሽ መጨፈር ካልቻልሽ ምን ዋጋ አለው?

ለእንቁጣጣሽ፣ ለገናና ለፋሲካ ከሆነ ቢያንስ አንድ ወር ቀድመሽ ሂጂ። በዓል ሲደርስ ሁሉም ይጣደፋል፣ የተጣደፈ ልብስ ሰፊ ደግሞ ትከሻን በግምት ነው የሚቆርጠው። እጅጌው ከመሰፋቱ በፊት አንድ ጊዜ ለክተሽ እንድታዪው ተስማሚ።

ነጠላም ልብስ ነው። ሁለቱን ትከሻ ሸፍኖ ጥለቱ ክንድ ላይ ሲያልፍ ያሰፋል። ቤተ ክርስቲያን ስትሄጂ አለባበሱ ወግ አለው፣ እሱን አትንኪ። ለግብዣ ከሆነ ግን በአንድ ትከሻ ብቻ ጣል አድርገሽ ጫፉን ከፊት ቁልቁል ልቀቂው።

ሚዜ መሆን ሌላ ፈተና ነው። ሁላችሁም አንድ ዓይነት ቀሚስ ትለብሳላችሁ፣ ዲዛይኑም የሚመረጠው አብዛኛውን ጊዜ ለቀጫጭኖቹ ነው። ሙሽራዋን በጊዜ አናግሪያት። «ጨርቁም ቀለሙም ያው ይሁን፣ እኔ ግን አንገቱን ትንሽ ላስቀይረው» በያት። ፎቶ ላይ ልዩነቱ አይታይም፣ አንቺ ግን ቀኑን ሙሉ ትተነፍሻለሽ። ሙሽራዋ አንቺ ከሆንሽ ደግሞ የመልሱን ካባ ከመከራየትሽ በፊት ሞክሪው። ወርቃማው ጥልፍ ትከሻው ላይ ተከምሮ ሳይሆን ከፊት በሁለቱ ጠርዝ ቁልቁል የሚወርደውን ፈልጊ።

ዓባያ ለምትለብሽ

ዓባያ ሙሉ ክብደቱ የሚያርፈው ትከሻ ላይ ነው። ትከሻው ከጠበበ ፊቱ ወደ ኋላ ይሳባል፣ ታቹም አንዴ አጥሮ አንዴ ረዝሞ ይታያል። የትከሻ ስፌት የሌለውን፣ እጅጌውና አካሉ አንድ ላይ የተቆረጠውን ዓይነት ምረጪ። ክፍት ዓባያ ከሆነ ከፊት የሚወርዱት ሁለት ጠርዞች ራሳቸው ቁልቁል መስመር ናቸው። ሂጃብሽን ደረትሽ ላይ ዘርጋ አድርገሽ ከለቀቅሽው የትከሻሽን ጫፍ ያለሰልሰዋል፤ አንገት ላይ ጠምጥሞ መተው ግን ትከሻውን ያጎላዋል።

ልብስ ሰፊው ጋ

ጥሩ ልብስ ሰፊ ካገኘሽ ስልኩን ያዢ። ከመሄድሽ በፊት አዲስ ጥጥ ልብስ ከሆነ እጠቢው፤ ካስጠበብሽው በኋላ ቢኮማተር ጉድ ነው። በልብሱ ውስጥ የምትለብሺውን ጡት ማስያዣ አድርገሽ ሂጂ። የምትፈልጊውን በግልጽ ተናገሪ፦ «ጋሼ፣ ትከሻውን አይንኩት፤ ከብብት በታች ጀምረው እስከ ወገብ ያጥብቡልኝ፤ ዳሌው ላይ ይልቀቁት።» ይህን ካላልሽ ከላይ እስከ ታች አንድ ላይ ያጠብበዋል፣ ብብቱም አብሮ ይጠባል። ልብሱን ለብሰሽ በመርፌ ያስይዝ። የተረፈውን ጨርቅም አታስቆርጪ፤ ነገ ብትወፍሪ ይፈታል።

ያለሽ ልብስ ብብቱ ላይ ብቻ የሚይዝሽ ከሆነ ከተመሳሳይ ጨርቅ ትንሽ ቁራጭ ብብት ሥር ይገባበት። እጅ ሲነሳ ብቻ ነው የሚታየው፣ ትልቅ እፎይታም ይሰጣል። አዲስ ሸሚዝ የምታሰፊ ከሆነ ጀርባው ላይ ሁለት እጥፋት አስጨምሪ፤ እጅሽን ስትዘረጊ ይከፈታል፣ ስትመልሺ ይዘጋል።

ቦርሳ ነገር ደግሞ አለ። ብብት ሥር የሚያዝ አጭር ቦርሳ ላይሽን ያወፍረዋል። ማሰሪያውን አስረዝመሽ ዳሌሽ ላይ አውርጂው።

ከውጭ አገር ለምታዝዢ

ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭ ወይም ዱባይ ሆነሽ አዲስ አበባ የሀበሻ ቀሚስ የምታሰፊ ከሆነ መለካቱ ላይ በእጥፍ ጠንቅቂ፤ ተመልሶ የሚስተካከልበት ዕድል የለሽም። ብዙ ሱቆች ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌና ቁመት ብቻ ይጠይቁሻል። ሳይጠይቁሽ ትከሻሽን፣ የጀርባሽን ስፋት፣ የላይኛው ክንድሽንና የብብትሽን ዙሪያ ጨምረሽ ላኪ። ሁሉንም በሴንቲ ሜትር ጻፊ። አሜሪካ ያለሽ ከሆነ በኢንች ለክተሽ ከሆነ በ2.54 አባዢው። ከፊት፣ ከጎንና ከኋላ ጠበቅ ያለ ልብስ ለብሰሽ ፎቶ ተነስተሽ አያይዢው፤ ትከሻሽ ቀጥ ያለ ይሁን ቁልቁል የሚወርድ ቁጥር ብቻውን አይናገርም። ቀሚሱ ሲያልቅ ከመላኩ በፊት ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ትከሻው ላይ ሜትር አስቀምጠው ፎቶ እንዲልኩልሽ ጠይቂ። ጎንና ጎኑ ላይ ሁለት ሁለት ሴንቲ ሜትር ትርፍ ጨርቅ እንዲተዉልሽም ንገሪያቸው፤ ወገቡን እዚያው ያለሽበት ከተማ ያለ ልብስ ሰፊ ያስተካክለዋል።